በድር ሙኒር መጀመሪያ የፓሽቶ ተዋናይ ነው
ስለ ፓኪስታናዊው የፊልም ተዋናይ በድር ሙኒር እዚህ የወጣው ጽሑፍ እሱን «በፓሽቶም የሠራ የኡርዱ ተዋናይ» ማለቱ ነገሩን ገልብጦታል። በፓኪስታን ብሔራዊ ቋንቋ በኡርዱ መሥራቱ እውነት ነው፤ እዚያ ግን ከብዙዎቹ አንዱ ነበር። በፓሽቱኖች ቋንቋ በፓሽቶ ግን ንጉሥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው «ዩሱፍ ካን ሼር ባኖ» በፓኪስታን የመጀመሪያው የፓሽቶ ፊልም ሲሆን መሪ ተዋናዩ እሱ ነው። ሻርጃ ስሠራ ሰርቪስ የሚያመላልሰን ሾፌር የሰሜን ፓኪስታኗ የስዋት ሰው ነበር፣ የበድር አገር ልጅ። ከመስተዋቱ በላይ ፎቶውን ለጥፏል፤ ሪዙ ወፍራም፣ ጠመንጃው ትከሻው ላይ። አንድ ቀን «የኡርዱ ተዋናይ ነው አይደል?» ስለው መኪናውን ሊያቆም ምንም አልቀረው። «ካራቺ ሪክሾ (ባጃጅ) ሲነዳ የነበረ የኛ ልጅ ነው!» አለኝ። ኩራቱ እዚያ ላይ ነው፣ እንደሱው ሾፌር መሆኑ። ከላይ በአስተያየትህ «ፊልሞቹ ተኩስና ጭፈራ ብቻ ናቸው» ላልከው ወንድሜ፣ የኋለኞቹን ካየህ አልፈርድብህም። የ1970ው ግን ከፓሽቱኖች የቆየ አፈ ታሪክ የተቀዳ የፍቅር ታሪክ ነው። በ2008 በድር ሲሞት ሾፌራችን ቴፑን ሳይከፍት ነው ሥራ ያደረሰን። እኛም ዝም አልን።