ከሃርት አታክ በኋላ አንድ ኢኮ አይበቃም

ሃርት አታክ የያዘው ሰው የደረቱ ሕመም ሲለቀው ቤተሰብ «ተመስገን፣ አለፈ» ይላል። በመጀመሪያው ቀን የልብ አልትራሳውንድ፣ ማለትም ኢኮ፣ ተነስቶ ከሆነ ሐኪሙም ብዙ ጊዜ በዚያው ይረካል። በእኔ እምነት ግን ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ሊደገምለት ይገባል።

ደም የተቋረጠበት የልብ ጡንቻ ሞቶ ይልፈሰፈሳል። ጠባሳ ሠርቶ እስኪጠነክር ሳምንታት ይፈጃል። እስከዚያው ሊቀደድ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ ወይም ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ። ቤተሰቡ «መቼ ነው የምንወጣው?» ብሎ በሚጠይቅበት ሰሞን ማለት ነው።

የተቀደደው የግራና የቀኝ ልብ መለያ ግድግዳ ከሆነ፣ ዶፕለር፣ ማለትም የደም ፍሰትን የሚያሳየው የኢኮ ዘዴ፣ ደሙ ወደ ቀኝ ሲያልፍ በቀለም ያሳያል። የውጭው ግድግዳ ከሆነ ደሙ በልብ ሽፋን ውስጥ ተጠራቅሞ ልብን ያፍናል። ኢኮው ላይ በልብ ዙሪያ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ከረጋ ግን ግራጫ ስለሚሆን ልምድ የሌለው ዓይን ሊያልፈው ይችላል። ሚትራል ቫልቭን (በግራ ልብ የላይኛውና የታችኛው ክፍል መካከል ያለውን በር) የያዘው ጡንቻ ሲበጠስ ደግሞ ሳንባ በድንገት ውሃ ይሞላል። በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ደሙ በቫልቩ ወደ ኋላ ሲፈስ የሚያወጣው ድምፅ በማዳመጫ ሲሰማ ደካማ ሊሆን፣ ጭራሽም ላይኖር ይችላል።

«ይሄ እኮ ብርቅ ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ የተዘጋው የደም ሥር በፍጥነት በሚከፈትበት አገር ከ100 ታማሚ 1 እንኳ አይሞላም። እኛ ጋ ግን ስንቱ ነው «ጨጓራዬ ነው» እያለ ቀናት ቆይቶ የሚመጣው? ደም ሥሩ ሳይከፈት የቆየ ሰው ደግሞ የበለጠ ለዚህ አደጋ የተጋለጠ ነው።

«ብናውቅስ፣ ቀዶ ሕክምናው የት አለ?» የሚለው ጥያቄ ይከብዳል። ልብ ከፍቶ የሚጠግን ማዕከል ጥቂት ነው። ቢሆንም ማወቁ መድኃኒቱን ይለውጣል። በልብ ሽፋን ውስጥ ደም ላለበት ሰው ደም ማቅጠኛ መስጠት ሊገድለው ይችላል። በልቡ ጫፍ ላይ ደም ለረጋበት ሰው ግን ማቅጠኛውን መከልከል ለስትሮክ ያጋልጠዋል። ሁለቱ አልጋ ለአልጋ ሊተኙ ይችላሉ፤ ኢኮ ሳያዩ መለየት ደግሞ ከባድ ነው።

ስለዚህ የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች ሁሉ ቢያንስ መሠረታዊ ኢኮ ይሠልጥኑ። ታማሚው ደም ግፊቱ ከወረደ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ማሽኑ ራሱ ወደ አልጋው ይምጣ፤ እሱን በኮሪደር አንግፋው። አስታማሚዎችም ከመውጣታችሁ በፊት «ኢኮው ይደገምልን» ለማለት አትፈሩ።