አንቴና እየቆጠሩ መሸጥ

ዋይፋይ የሚያሰራጨውን ራውተር ልትገዛ ሱቅ ስትገባ መጀመሪያ የምትሰማው «ባለ አራት አንቴና ነው፣ ግድግዳ ይበሳል!» የሚል ነው። ኧረ በፈጠራችሁ! አንቴና ስለበዛ ብቻ ዋይፋዩ ጓዳ ድረስ አይገባም።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ 1200 ተጽፏል፤ በሰከንድ 1200 ሜጋ ቢት ፍጥነት ለማለት ነው። ራውተሩ የሚያሰራጫቸው የሁለቱ ሞገዶች ፍጥነት፣ የ2.4 ጊጋኸርዙ 300 እና የ5 ጊጋኸርዙ 867 ተደምሮ፣ ላዩ ላይ ትንሽ ተጨምሮበት ነው። አብዛኛው ስልክ ግን በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንዱን ሞገድ ነው። ኋላውን ገልበጥ አድርገህ ስታየው ደግሞ የገመድ መሰኪያው 100 ሜጋ ቢት ብቻ! ከውጭ በገመድ የሚገባው ኢንተርኔት ከዚያ በላይ አያልፍም። ታዲያ 1200ው ለማን ነው?

ይህን ስጠይቅ ሻጩ «አታስብ፣ ኦሪጅናል ነው» ይለኛል። ቤት ወስጄ ልሞክረው ስለው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ያሳየኛል፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። የብሎኬት ግድግዳ ማለፍ አለማለፉን ሱቅ ቆሜ እንዴት ልወቅ? ቢያንስ ሁለት ቀን የመሞከሪያ ጊዜ ስጡን እንጂ!