«ያስጨንቃል» ብቻውን ትችት አይሆንም

የአሜሪካዊው ዘፋኝ የሉ ሪድ «በርሊን» የተባለው የሮክ አልበም ከወጣ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሰው ግን ዛሬም ሲሰማው ፊቱ ይጨፈገጋል። ሰሞኑን እዚህ ደብረ ብርሃን ላሉ ጓደኞቼ በቴሌግራም ላክሁላቸው። አንዱ «ሙዚቃ ነው ለቅሶ?» አለኝ። ሌላው «ይሄን ሰምቼ ሥራ ልግባ?» ብሎ ተሳለቀብኝ። ሦስተኛው ዝም ብሎ ቆየና በማግስቱ ግጥሞቹን ላክልኝ አለ። የዛሬ ጽሑፌ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት መልስ ነው።

መቼም ጨለማ አልበም ነው፣ እሱን አልክድም። ጂም እና ካሮላይን የሚባሉ ጥንዶች በርሊን ውስጥ ሲፈርሱ ያሳያል። ዕፅ አለ፣ ዱላ አለ። ልጆቿን ይወስዱባታል፣ በመጨረሻ ራሷን ታጠፋለች። ሉ ሪድ ይሄን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ከዚያ በፊት በ1972 ዴቪድ ቦዊ እና ሚክ ሮንሰን ፕሮዲውስ ያደረጉለት አልበሙ ተወዶለት፣ ሰውየው ስም ያወጣበት ጊዜ ነበር። አድማጩ ሌላ እንደዚያ ያለ ነገር ሲጠብቅ ከፕሮዲውሰር ቦብ ኤዝሪን ጋር ሆኖ ይሄን ጉድ ይዞ መጣ። ሰው የሰርግ ዘፈን ሲጠብቅ ሙሾ ብታወርድበት ምን ይልሃል?

የአሜሪካ ገበያ ብዙም አልፈለገውም፣ 98ኛ ደረጃ ላይ ቀረ። እንግሊዞች ግን 7ኛ አደረሱት። ተቺዎቹም እንደዚያው ተከፋፈሉ። የሙዚቃ መጽሔቱ የሮሊንግ ስቶን ጸሐፊ ስቲቨን ዴቪስ አልበሙን ጥፋት ብሎ ጠራው። ሲከፋውም አንዳንድ ሙዚቃ ሠሪውን በአካል መበቀል ያሰኛል እስከ ማለት ደረሰ። የኒውዮርክ ታይምሱ ጆን ሮክዌል ደግሞ በተቃራኒው በዓመታት ውስጥ ከወጡት የሮክ ሥራዎች ጠንካራና አዲስ ከሚባሉት አንዱ ነው አለ። ለአልበም እንደ ተማሪ ውጤት የሚሰጠው ተቺ ሮበርት ክሪስጋው ታሪኩ ራሱ አይረባም ብሎ «ሲ» ሰጠው።

ከሦስቱ ለኔ የማይረባኝ የዴቪስ ነው። ክሪስጋው ቢያንስ ስለ ሥራው ነው የሚናገረው፣ ታሪኩ ቆመ ወይስ ወደቀ ብሎ። በዚያ መከራከር ይቻላል፣ እኔም በከፊል እስማማለሁ። ካሮላይን ስትመታና ስትፈርስ እናያለን እንጂ ማን እንደሆነች በቅጡ አናውቃትም። ዴቪስ ግን የነገረን መናደዱን ነው። የጓደኛዬ «ሥራ ልግባ?» ከዚያ በምን ይለያል? ስለ ጠዋቱ ነገረኝ፣ ስለ አልበሙ ምንም አላለኝም።

ይሄ ነገር እኛ ሰፈር ሲነገር ደግሞ ይገርመኛል። ሰሜን ሸዋ ያደገ ሰው ለሐዘን ዜማ ባዳ ነው ልትሉኝ ነው? መንዝ ለቅሶ የደረሰ ያውቀዋል። ሙሾ አውራጇ ሟቹን እያነሳች ስታዜም፣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ሲቀበሉ፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው ሲያነቡ፣ ይሄ ድብርት ነው ብሎ የሚወጣ የለም። እንዲያውም ጥሩ አልቃሽ ከሩቅ አገር ትጠራለች። ግጥሟ ይጠቀሳል፣ ይታወሳል፣ እንዲህ ብላ አለቀሰች እየተባለ ስንት ዓመት ይወራል። ሐዘንን በሙያ የሚመዝን ሕዝብ ነው ያለን፣ ታዲያ የጆሮ ማዳመጫ ሲሰካ ያ ሁሉ ሚዛን የት ይሄዳል?

አንድ ልዩነት ግን አለ፣ እሱን ጓደኞቼ ልክ ናቸው። ለቅሶ ቤት ተቀባይ አለ። ሲበዛ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ተነስተው «ይበቃል፣ አረፍ በሉ» ይላሉ፣ ንፍሮው ይመጣል፣ ሰው እንባውን ጠርጎ ወሬ ይጀምራል። «በርሊን» ውስጥ በቃ የሚል የለም። መጀመሪያ ላይ የልደት ዘፈን የሚዘፍን የሰካራም ጫጫታ ይሰማል፣ ወዲያው ሰዉ ይጠፋና ሰውየው ከፒያኖ ጋር ብቻውን ይቀራል። ከዚያ ወዲያ 49 ደቂቃ እስኪሞላ ማንም «አይዞህ» አይለውም። ጭንቀቱ ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል። ሞትማ እኛም ዘፈን ውስጥ ሞልቷል።

ልጆቿ የሚወሰዱበትን ዘፈን ሳልነካ አላልፍም፣ ብዙ ሰው ጆሮ ማዳመጫውን የሚነቅለው እዚያ ነውና። ሉ ሪድ በጊታር ታጅቦ፣ ድምፁን ሳይሰብር፣ የፖሊስ ሪፖርት የሚያነብ በሚመስል አኳኋን ለምን እንደተወሰዱ ይዘረዝራል። ያ ቀዝቃዛነቱ ነው የሚገድለው። ሰውየው አያለቅስም፣ አያዝንላትም፣ እንዲያውም የተደሰተ ይመስላል፣ አንተም ከማን ጋር እንደቆምክ ግራ ይገባሃል። ከዚያ መጨረሻው ላይ እውነተኛ የሕፃናት ለቅሶ ይገባል፣ እናታቸውን እየጠሩ። እዚህ ጋ ከተቆጡት ጋር ነኝ። ዘፈኑ ሥራውን ጨርሶ ነበር። ለቅሶው የተጨመረው ምናልባት አልገባቸው ይሆናል ተብሎ ነው፣ ለኔ ይሄ የአድማጭ ንቀት ነው። (ልጅ ያላት እህቴ እዚያ ስትደርስ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ዘጋችው። ምን ይባላል?)

በሌላ በኩል ዛሬ «በርሊን» ድንቅ ሥራ ነው ብሎ የሚያልፈውም አይመቸኝም። ያው ሮሊንግ ስቶን እ.ኤ.አ. በ2003 የ500 ታላላቅ አልበሞች ዝርዝሩ ላይ 344ኛ አድርጎ አስገባው። በ2006 ሉ ሪድ ብሩክሊን ውስጥ ሙሉውን መድረክ ላይ ተጫወተው፣ የፊልም ዳይሬክተሩ ጁሊያን ሽናቤልም ቀረፀው። ደስ ይላል፣ ሰውየው በ2013 ከመሞቱ በፊት ይሄን ማየቱ። ግን ድሮ መሰደቡ ብቻ አንድን ሥራ ታላቅ አያደርገውም። ድሮ ሲያጥላሉት ያልሰሙት፣ አሁንም ሲያመሰግኑት አልሰሙትም።

እኛ አገር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አዲስ የአማርኛ አልበም ወጥቶ ከበድ ያለ ከሆነ የዩቲዩቡ አስተያየት ሁለት ዓይነት ነው፦ «ደበረኝ» እና «አንጀቴን በላው»። የትኛው ዘፈን፣ የቱ ጋ፣ በምኑ የሚል አታገኝም። እስቲ አንድ ሰው ባሱ ከገባበት ጀምሮ ከበደኝ ይበል።

ግጥሙን ላክልኝ ያለኝ ጓደኛዬ ለዚህ ነው ደስ ያለኝ። አልበሙን አልወደደውም። ግን የመጨረሻው ዘፈን ላይ ጥያቄ አለው፦ ሴትዮዋ ሞታ፣ ሰውየው ስለሷ እንዲያ ጨክኖ እያወራ፣ ኦርኬስትራውና የኅብረ ዝማሬው ድምፅ ለምን እንዲህ አማረ? እሱ ኤዝሪን ፈርቶ ማጣፈጫ የጨመረበት ነው ይላል። እኔ ማማሩ ራሱ ነው የሚያስፈራው እላለሁ። ከጠባሴ እስከ መናኸሪያው በእግራችን እየሄድን ተጨቃጨቅን፣ አልተስማማንም።