ቁጥር የትም ያው ቁጥር አይደለም

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ ስለ ጤና መረጃ ልውውጥ ሲወራ አንድ ኃላፊ የተናገሩት ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። «የላብራቶሪ ውጤት ቁጥር ነው፤ ደሴም ኮምቦልቻም ያው ቁጥር ነው። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ይሟላ፣ ስያሜና ኮዱ ይደረስበታል» አሉ።

ያው ቁጥር ነው? እናቴ ስኳር አለባት። ኮምቦልቻ ስትመረመር ወረቀቷ ላይ 190 ተጻፈ። ወር ሳይሞላ ደሴ ወሰድኳት፤ 11 የሚል ወረቀት ሰጡን። ሁለቱም ላይ መለኪያው የለም። «ወረደላት!» ብለን ቤቱን በእልልታ ሞላነው። እሷም የናፈቃትን ሻይ በስኳር ጠጣች። በማግስቱ ነርስ ጎረቤታችን ወረቀቶቹን አየችና ፊቷ ተለወጠ። የኮምቦልቻው በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፣ የደሴው በሚሊሞል በሊትር። 11 በ18 ሲባዛ 198 ነው። የእናቴ ስኳር ጭራሽ ጨምሯል!

ሐኪም ቢያየው ይለየዋል ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ይለየዋል። ኮምፒውተር ግን ካልነገሩት ከየት ያውቃል? መጀመሪያ ይሟላ የተባለው ኮምፒውተር 190 እና 11ን ጎን ለጎን ደርድሮ «የሴትዮዋ ስኳር አለቅጥ ወርዷል» ነው የሚለው። ያንን አምኖ መድኃኒት የሚቀንስ ሰው ቢገኝስ? የኩላሊት ምርመራውም ከዚህ አይሻልም። ክሬቲኒን አንዱ ጋ 1.2፣ ሌላው ጋ 106 ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለቱ ግን አንድ ናቸው።

ደግሞ አዲስ ነገር ፍጠሩ ያለ የለም። ሎይንክ (LOINC) የሚባለው፣ ለእያንዳንዱ ምርመራ የራሱን ኮድ የሚሰጠው መለያ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ በነጻ ነው። የደም ስኳር በሚሊግራም ሲለካ 2345-7፣ በሚሊሞል ሲለካ 14749-6 ብሎ ለይቶታል። ታዲያ በጀት የለም የሚለኝ ሰው ምን ሊገዛ ነው?

ከኮምቦልቻ ደሴ 20 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። በሽተኛ ሪፈር ተጽፎለት ያንን ዳገት ወጥቶ ሲደርስ «ይሄን ተወው፣ እንደገና ደም ስጥ» ይባላል። እንደገና ይከፍላል። ይህ ድሃን መዝረፍ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ኮምፒውተሩ እስኪመጣ እስክሪብቶ አለ። ከነገ ጀምሮ እያንዳንዱ ላብራቶሪ ከቁጥሩ ጎን መለኪያውን ይጻፍ። ይህን የሚያዝ አንድ ገጽ ደብዳቤ ከኃላፊው ቢሮ እንጠብቃለን።