ይድረስ ለክቡር ክሬዲት ስኮር፣ ብድር የመመለስ ታማኝነታችንን በነጥብ ለሚለኩት፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ዕዳ ስለሌለብን የደረሰብንን ቅጣት ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እርስዎን ከማስታመም በቀር ደህና ነን። በቅርቡ ትንሽ ዝቅ ብለዋል የሚል መልእክት ስልኬ ላይ ደርሶኝ ደንግጬ ነበር። ምን እንደነካዎት ግን የነገረኝ የለም። የአገር ቤት ዘመድ ሲታመም ተደብቆኝ ነው የሚከርመው። የእርስዎ ጉንፋን ግን በደቂቃ ይደርሰኛል።

አሜሪካ የገባ አበሻ ሁሉ ከሶሻል ሴኩሪቲ (ከመንግሥት የሚሰጠን መለያ ቁጥር) ቀጥሎ የሚሰማው ስም የእርስዎ ነው። ኤርፖርት የሚቀበለን ዘመድ ሻንጣችንን መኪና ላይ ሳይጭን «ክሬዲትህን ጠብቅ» ይላል። የት እንዳለ አያሳየንም። ጠብቁ የተባልነውን ነገር ገና አልሰጡንም እኮ!

ደግሞ የእርስዎ ቁጥር የሚጀምረው ከ300 ነው፣ የሚያበቃው 850 ላይ። ዜሮ የሚባል የለዎትም። ቢኖርዎት እኛ አዲስ ገቢዎቹ ቢያንስ ዜሮ እንሆን ነበር። አሁን ግን ምንም ነን። ቢያንስ አንድ የብድር ሂሳብ ከፍተን ስድስት ወር ካልሞላው ቁጥር አያወጡልንም። ክርስትና የሚነሳ ሕፃን እንኳን ይህን ያህል አይጠብቅም።

ዕድሜዎን ሳጣራ ደግሞ የባሰ ገረመኝ። ወላጅ ኩባንያዎ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1956 በአንድ መሐንዲስና በአንድ የሒሳብ ሊቅ፣ በቢል ፌርና በኧርል አይዛክ ተመሠረተ። እርስዎ አሁን በምናውቅዎት መልክ ብቅ ያሉት በ1989 ነው። አርባ ያልሞላዎት ጎረምሳ ነዎት ማለት ነው። ግን የሰባ ዓመት አዛውንት ደጅ ያስጠናሉ።

አዛውንት ካልኩ አይቀር፣ አንድ ጋሼ አሉ። ስማቸውን አልጠራም፣ እርስዎም ቢሆኑ አያውቋቸውም። ችግሩም እሱ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ሲነዱ ጸጉራቸው ሸበተ። ታክሲዋን የገዟት በዕቁብ ነው፣ በካሽ። የሰው ሳንቲም በልተው አያውቁም። የዕቁቡ ዳኛ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ይዞ እንዳይጠፋ ዋስ ሲፈለግ፣ «ጋሼ አሉ» ከተባለ ነገሩ አለቀ። ሬስቶራንት የተከፈተው፣ የልጅ ኮሌጅ የተከፈለው፣ አገር ቤት ቤት የተሠራው በእሳቸው ቃል ነው።

እኚህ ሰው አንድ ባንክ ሄደው ክሬዲት ካርድ ጠየቁ። ተከለከሉ። ምክንያቱ በደብዳቤ መጣ። «በቂ የክሬዲት ታሪክ የለዎትም» ይላል። ጋሼ ደብዳቤውን ይዘው ቡና ቤት መጡ። «የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ ይዤ መጥቼ ታሪክ የለህም አሉኝ!» አሉ። ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም።

እርስዎ ዕቁብ አያዩም። የዕቁብ ዳኛ የብድር ታሪካችንን ለሚይዙት የክሬዲት ቢሮዎች ወር በወር ሪፖርት አይልክም። የቤት ኪራይም አብዛኛው አከራይ አያሳውቅም፣ ስለዚህ አሥር ዓመት በሰዓቱ የከፈለውን አያዩም። ባንክ ውስጥ ያለውን ገንዘብ አያዩም። ደመወዝ አያዩም። ሐኪም ሁን ፓርኪንግ ሠራተኛ ለእርስዎ ያው ነው። ይህኛው እንኳን ደስ ይለኛል፣ ልዋሽዎት አልፈልግም። አበዳሪው ገቢያችንን ለብቻው ይጠይቀናል፣ እርስዎ ግን ግድም የለዎት። ግድ የሚሰጥዎት አንድ ነገር ነው፦ ተበድረን ስንመልስ ታይተናል ወይስ አልታየንም? ጋሼ አልተበደሩም። ስለዚህ አልታዩም። ሦስት ካርድ እስከ ጥግ ሞልቶ በሰዓቱ የሚከፍለው የወንድማቸው ልጅ ግን የታወቀ ሰው ነው። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚለውን ተረት ማን እንዳስጠናዎት እንጃ።

መፍትሔ አለ ተባልን። ተቀማጭ የሚያዝበት ካርድ ይባላል። ጋሼ 300 ዶላር አስያዙ። ባንኩም 300 ዶላር የመበደር መብት ሰጣቸው። የራሳቸውን ገንዘብ አስቀምጠው ያንኑ ያህል ይበደራሉ፣ ካዘገዩ ወለድ ይከፍላሉ። በዚህ ዓይነት ነገር የታሰረ ነጋዴ መርካቶ ውስጥ አውቃለሁ ልል ነበር፣ ይቅር። ለማንኛውም ይሠራል። ከመንፈቅ በኋላ ጋሼም ቁጥር አወጡ። ከልጅ ልጃቸው የትምህርት ቤት ውጤት ይልቅ እሷን ነው የሚያሳዩን።

አሁን ወደ አሰራርዎ ልግባ። ከመቶ 35ቱን የሚሰጡት በሰዓቱ ለመክፈል ነው። እሺ፣ ይገባናል። 30ው ከተፈቀደልን ብድር ምን ያህሉን እንደተጠቀምን ነው። 15ቱ ለሂሳባችን ዕድሜ፣ 10 ለአዲስ ብድር፣ 10 ለብድር ዓይነት። ለመጨረሻው ነጥብ ሲባል ካርድም፣ የመኪና ብድርም፣ የቤት ብድርም ቢኖር ይወዳሉ። ዕዳ በየዓይነቱ ነው የሚፈልጉት፣ እንደ ጾም በያይነቱ።

ቅር ያለኝ ግን ያቺ 30ዋ ላይ ነው። 500 ዶላር ገደብ ያላት ካርድ ተሰጠን እንበል። በወሩ ውስጥ አስቤዛና ቤንዚን ተገዛባትና 450 ደረሰች። ቢሉ ሲመጣ ሙሉውን ከፈልን። ወለድ የለ፣ መዘግየት የለ። ደረታችንን ነፍተን ስንጠብቅ ነጥባችን ወረደ! ለካስ ካርድ ሰጪው ቁጥሩን የሚልክልዎት ብዙውን ጊዜ የወሩ መግለጫ በሚዘጋበት ቀን ነው። በዚያች ቀን 90 በመቶውን በልተን ተገኘን። በማግስቱ ብንከፍል ለዚያ ወር ምንም አይፈይድም። ከመግለጫው ቀን ቀደም ብለን ብንከፍልላት፣ ከ30 በመቶ በታች ሆና ብትታይ ኖሮ፣ ያው ሰው፣ ያው ገንዘብ፣ ያው አስቤዛ፣ ነጥቡ ሌላ ይሆን ነበር። ይህን አንድ ቀን ቀርበው ቢነግሩን ምን ነበረበት? ካርዱ ላይ ለመጻፍ ቦታ ጠፍቶ ነው?

የመኪና ብድር የጨረሰውን ሰው ደግሞ እንይ። አምስት ዓመት ሳይዘል ከፈለ። የመጨረሻዋን ከፍሎ እልል ሊል ሲል እርስዎ ጥቂት ነጥብ ቀነሱበት። አንድ ክፍት ብድር ቀነሰበታ! እኛ ዘንድ ዕዳውን የጨረሰ ይመረቃል። እርስዎ ዘንድ በጥርጣሬ ይታያል። ምነው ዝም አለ፣ ምን አስቦ ነው ዓይነት።

የተከለከለ ሰው ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። ይናደድና ሌላ ባንክ ይሄዳል። ከዚያ የሱቅ ካርድ ይሞክራል። ከዚያ ሌላ። በእያንዳንዱ ማመልከቻ የክሬዲት ፋይሉ ይከፈታል፣ በተከፈተ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ነጥብ ትቆነጥራላችሁ። ምልክቱ ሪፖርቱ ላይ ሁለት ዓመት ይቀመጣል፣ በነጥብ የሚቆጠረው ግን አንድ ዓመት ነው። መጨረሻ ላይ «በቅርቡ ብዙ ብድር ጠይቀሃል» ተብሎ ይከለከላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይቺ ናት። ለመኪና ወይም ለቤት ብድር ዋጋ ሲያወዳድር ከሆነ ግን በ14 ቀን ውስጥ የተጠየቀውን ሁሉ እንደ አንድ እንደሚቆጥሩለት አልነገሩትም። የራሱን ሪፖርት ራሱ ቢያይ ምንም እንደማይቀነስበትም እንዲሁ። ስለዚህ የራሱን ፋይል ለማየት ይፈራል። ሌላው ሁሉ እያየው።

አሁን የሚያስቀይመውን ላንሳ። ስማችንን።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የአባት ስም ነው ያለን። ፀጋዬ በ«ቲ» ሲጀመር አንድ ሰው ነው፣ በ«ኤስ» ሲጀመር ሌላ። አንዱ ፎርም ላይ የአያት ስም መጨረሻ ገብቷል፣ ሌላው ላይ የአባት። በስደተኛ ወረቀት የመጣው ሕዝብ ደግሞ የልደት ቀን ከማጣቱ የተነሳ ጃንዋሪ 1 ተሰጥቶታል። እንግዲህ አንድ ዓይነት ስም፣ አንድ ዓይነት የልደት ቀን፣ አንድ ሕንፃ ላይ የሚኖር ሁለት ሰው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ማግኘት ያን ያህል ከባድ አይደለም። የአንዱ ያልተከፈለ ስልክ የሌላው ፋይል ውስጥ ይገባል። ዕዳ ከሜዳ! ያ ሰው አፓርትመንት ሲከለከል ምክንያቱ ሌላ ሰው ያልከፈለው ስልክ ነው።

የዋስ ነገርም አለ። የአጎት ልጅ መኪና ሊገዛ ነው፣ ኮሳይን አድርግልኝ ይላል። እምቢ ማለት ነውር ነው። ፈረምን። እሱ ክፍያውን 30 ቀን አሳለፈ። ጥቁሩ ነጥብ በሁለታችንም ፋይል ተጻፈ፣ ሰባት ዓመትም ይኖራል። እርስዎ ይሉኝታ የሚባል ነገር ስለማያውቁ እናቱ ደውለው እንዳለቀሱብን አይገባዎትም። ይህ ሁሉ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ ልብ ይበሉ። ግማሹ የእናቱ ነው።

ስለ ዘመዶችዎም ትንሽ። ሪፖርቱን የሚይዙት ሦስቱ፣ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን ናቸው። ኢኩዊፋክስ በ1899 አትላንታ ውስጥ ሲጀመር ሌላ ስም ነበረው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰዎች ልኮ ስለ ሰው ትዳርና መጠጥ ከጎረቤት ያስጠይቅ ነበር። ቡና ላይ የሚወራ ሐሜት ሁሉ ፋይል ይሆን ነበር ማለት ነው። ሰው ሲመረው በ1970 ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሐሜቱ ቀረ፣ ቁጥሩ ቀጠለ። በ2017 ደግሞ ይኸው ድርጅት የ147 ሚሊዮን ገደማ ሰው መረጃ አሰረቀ። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የልደት ቀን፣ አድራሻ። እኛ አንድ ወር ብናዘገይ ሰባት ዓመት። እነሱን ግን ነጥብ የሚሰጣቸው ማን ነው?

ይሁን እንጂ ፍርደ ገምድል እንዳልባል አንድ ነገር ልናገር። ያ የመከልከያ ደብዳቤ፣ ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር አብሮ ቅርጫት የሚገባው፣ በሕግ ተገዶ የተጻፈ ነው። አበዳሪው ማመልከቻውን በተቀበለ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔውን ማሳወቅ አለበት። «አልተፈቀደም» ብሎ ብቻ ማለፍ አይችልም። ዋና ዋናዎቹን ምክንያቶች ይጽፋል፣ ካልጻፈም ጠይቁኝ ይላል። የትኛው ቢሮ ፋይሉን እንደሰጠው ይናገራል። ነጥባችንን ተጠቅሞ ከሆነ ቁጥሩን ራሱን ይጽፋል። በ60 ቀን ውስጥ ለዚያ ቢሮ ጥያቄ ብናቀርብ ሪፖርቱን በነፃ ይሰጠናል። ስህተት ካለ እንከራከራለን፣ ቢሮውም አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ መልስ መስጠት ግዴታው ነው። ሳንከለከልም ቢሆን በየሳምንቱ ከሦስቱም በነፃ ማየት ይቻላል፣ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ። ከ500 ዶላር በታች የሆነ ያልተከፈለ የሆስፒታል ዕዳ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ሪፖርቱ ላይ አይወጣም። ይህን ሁሉ ጽፈው በትንንሽ ፊደል፣ በሦስተኛው አንቀጽ ውስጥ ይቀብሩታል። እኛም «የሚከለከሉኝ አበሻ ስለሆንኩ ነው» ብለን እንተወዋለን። አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ካርዷ 90 በመቶ ሆና ነው።

ይህ ሳይነበብ ሲቀር ማን እንደሚያተርፍ ያውቃሉ? ቲክቶክ ላይ ክራባት አስሮ «ክሬዲትህን በወር አጸዳልሃለሁ» የሚለው። ገንዘቡን አስቀድሞ ይቀበላል። አስቀድሞ መቀበል በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። እውነተኛ የሆነን መጥፎ ታሪክ ደግሞ ማንም አያጠፋም፣ ጊዜው እስኪያልፍ ይጠበቃል እንጂ። የተሳሳተውን ለማስነሳት ደግሞ እሱ አያስፈልግም፣ በነፃ ራሳችን እንችላለን። ክቡርነትዎ ይህን ጎረምሳ ቢያገኙት ስንት ነጥብ ይሰጡታል?

ጥያቄዬ አጭር ነው። ጋሼን አሁን ስላወቋቸው ካርዳቸውን 500 ያድርጓትላቸው። በ«ቲ» እና በ«ኤስ» የተጻፈው ፀጋዬ አንድ ሰው፣ አንድ ሕንፃ ላይ ያሉት ሞክሼዎች ደግሞ ሁለት ሰው መሆናቸው ይመዝገብልን። መኪናውን ከፍሎ የጨረሰው ሰው ነጥብ ይመለስለት፣ ወይም ቢያንስ «እንኳን ደስ ያለህ» የሚል መልእክት ይላክለት። ሲወርዱ መላክ እንደማይቸግርዎት አይተናል።

ከማይናቅ ሰላምታ ጋር፣
አንድ ገና 700 ያልገባ ደንበኛዎ

ግልባጭ፦
ለኢኩዊፋክስ፣ ለኤክስፔሪያንና ለትራንስዩኒየን፣ ለየብቻ። አንዱ ያረመውን ሌላው አያነብምና።
ለአጎቴ ልጅ፣ የመኪናው ቀን 15 መሆኑን እንዲያስታውስ።
ለዕቁባችን ጸሐፊ፣ የእሁዱን በሰዓቱ ማስገባቴ እንዲመዘገብልኝ።