ማስተካከያ፦ አልኮል በባሕር ዳር ከተማ የሚፈላበት ሙቀት

ቤት ውስጥ ስለሚሠራ የአረቄ ማውጫ ቀደም ሲል በጻፍኩት ላይ፣ በቆመው የመዳብ ቱቦ አናት የተተከለው ቴርሞሜትር 78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያሳይ የሚወጣው ከሞላ ጎደል ንጹሕ አልኮል ነው ብዬ ነበር። ይህ ስሕተት ነው፤ አንባቢዎቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

78 ዲግሪ የሚሠራው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝና የአየር ግፊቷም በዚያው ልክ ዝቅ ስለሚል፣ ኤታኖል (የሚጠጣው አልኮል) እዚህ የሚፈላው በ73 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቁጥሩ በኬሚስትሪ መማሪያ መጻሕፍት ከሚገኘው የእንፋሎት ግፊት ቀመር የተሰላ ነው። ጣና ዳር ባለው ቤቴም ቴርሞሜትሩን በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ብይዘው 94 ላይ ቆመ፤ መቶ አልደረሰም።

ስሕተቱ ቀላል አይደለም። ያንን አንብቦ 78ን የጠበቀ ሰው ደህናውን አልኮል ደፍቶ ውሃ የተቀላቀለበትን ይይዛል። ከዚህ የከፋው ግን ሙቀቱ «አልደረሰም» ብሎ እሳቱን ካጋመው ነው፤ ማቀዝቀዣው ወደ ፈሳሽ ሊመልሰው ያልቻለው እንፋሎት ወደ ክፍሉ ይወጣና ከምድጃው እሳት ሊይዝ ይችላል። ይህን ስጽፍ ያሳሰበኝም እሱ ነው።

በዚያው ጽሑፍ የመጀመሪያውን ብርጭቆ መድፋት ሜታኖልን (መርዛማውን የአልኮል ዓይነት) ሙሉ በሙሉ ያስወግዳል ማለቴም ትክክል አልነበረም። የዲስቲሌሽን (አፍልቶ በእንፋሎት የመለየት) ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ሜታኖል ውሃና ኤታኖል ባሉበት ድብልቅ ውስጥ ለብቻው ተለይቶ ቀድሞ አያልቅም፤ ከዚያ በኋላም መውጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ምንጩ ያልታወቀ አልኮል፣ በተለይም ለኢንዱስትሪ የተዘጋጀ፣ እንደገና በማውጣት ለመጠጥ አይሆንም።