ኧረ «በአንድ ጀንበር» የሚለውን ቃል ተዉልን!

በቃ፣ ዛሬ ሳልናገረው አላድርም። ስለ እንግሊዛዊቷ የፊልም ተዋናይት ፍሎረንስ ፒዩ በአማርኛ የሚለጠፈውን ሁሉ ብትሰበስቡት ሦስት ነገር ነው የሚደጋግመው፦ «በአንድ ጀንበር ኮከብ ሆነች»፣ «ድንገት ብቅ አለች»፣ «ዕድለኛ ናት»። ፎቶዋ ከላይ፣ ሦስት መስመር ከታች፣ አለቀ። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው አራት ነጥቡን እንኳ ሳይነካ ገልብጦ ይለጥፋል፣ ሦስተኛው ያንኑ በቪዲዮ ያነበዋል። ስሟም በትክክል አይጻፍም። «ፑግ» አይደለም! በእንግሊዝኛው አጻጻፍ መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ፊደላት አይነበቡም፤ ፒዩ ነው የሚባለው። ቃለ ምልልሷን ለአሥር ሰከንድ የሰማ ሰው አይስተውም።

ይህ «በአንድ ጀንበር» የተባለው ዓመት 2019 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ።) በዚያ ዓመት ሦስት ፊልም ወጣላት፤ ይሄ እውነት ነው። በዓመቱ መጀመሪያ በአሜሪካው ሳንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የታየው የሬስሊንግ (የነጻ ትግል ትርኢት) ፊልም «ፋይቲንግ ዊዝ ማይ ፋሚሊ»፣ በሐምሌ ወር «ሚድሶማር»፣ በፈረንጆቹ ገና «ሊትል ዊመን»። ሲኒማ ቤት ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ልጅቷ ከሰማይ ዱብ ያለች ይመስለዋል። ግን እንጀራ እንኳ ሊጡ ሦስት ቀን ቦክቶ ነው የሚጋገረው፤ ፊልም እንዴት በአንድ ጀንበር ይደርሳል? የሬስሊንጉ ፊልም የተቀረጸው በ2017 ነው። «ሚድሶማር» የተቀረጸው በ2018 በአውሮፓ በጋ ላይ ነው፤ ታሪኩ ስዊድን ውስጥ ቢሆንም ካሜራው የቆመው ሃንጋሪ፣ ቡዳፔስት አካባቢ ነበር። ከዚያ ሳታርፍ በዚያው ዓመት መጸው አሜሪካ ተሻግራ ማሳቹሴትስ ውስጥ «ሊትል ዊመን»ን ጀመረች። ቀረጻ ካለቀ በኋላ ደግሞ ኤዲቲንጉ አለ፣ ድምፁ አለ፣ ሙዚቃው አለ፣ የቀለም ሥራው አለ። ይህ ሁሉ ተጠናቆም አከፋፋዩ የሚመቸውን ቀን እስኪመርጥ ፊልሙ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ በ2019 ያያችሁት የሁለት ዓመት ልፋት በአንድ ዓመት ውስጥ ተደራርቦ ሲፈስ ነው። የመውጫ ቀን የተዋናይቷ ውሳኔ አይደለም። ሌላ ማስረጃ ከፈለጋችሁ እሷ የተጫወተችበትን «ብላክ ዊዶው»ን እዩ፤ በግንቦት 2020 ሊወጣ ታቅዶ በወረርሽኙ ምክንያት ሲገፋ ሲገፋ ሐምሌ 2021 ደረሰ። ያኔ ደግሞ የእኛ ገጾች «የት ጠፋች?» ሲሉ ከረሙ። የትም አልጠፋችም፤ ሥራዋን ሠርታ ጨርሳለች!

ከ2019 በፊት ያለውን ደግሞ ማንም አይጽፈውም። ጥር 3 ቀን 1996 ኦክስፎርድ ተወለደች፤ አባቷ የምግብ ቤቶች ባለቤት፣ እናቷ ዳንሰኛ ነበሩ። በሕፃንነቷ የመተንፈሻ ቧንቧ ችግር ስለነበረባት ቤተሰቡ ሞቃት አየር ፍለጋ ስፔን ሄዶ ጥቂት ዓመት ኖሮ ተመልሷል። ያ ጎርነን ያለ ድምፅ ከየት መጣ ለምትሉ፣ እሷ ራሷ ከዚያ ጋር ታያይዘዋለች። የመጀመሪያ ፊልሟን «ዘ ፎሊንግ»ን የሠራችው ገና ተማሪ እያለች ነው፤ በ2014 ለንደን ፌስቲቫል ላይ ታየ። ከዚያስ? ከዚያማ ሎስ አንጀለስ ሄዳ ለአንድ ተከታታይ ድራማ ፓይለት ሠራች። ፓይለት ማለት ሙከራ ነው፤ አንድ ክፍል ብቻ ተቀርጾ ለጣቢያው ይቀርባል፣ ጣቢያው ካልወደደው ያ ሁሉ ድካም ማንም ሳያየው ይቀራል። የእሷም ቀረ። በዚያ ሥራ ወቅት የ19 ዓመቷን ልጅ ክብደትሽን ቀንሺ፣ የፊትሽን ቅርጽ አስተካክዪ፣ ቅንድብሽን ቀይሪ ብለው የሥራው ኃላፊዎች እንደነገሯት ቆይታ በቃለ ምልልስ ተናግራለች። ተስፋ ቆርጣ አገሯ ገባች። ብዙም ሳይቆይ ነው «ሌዲ ማክቤዝ» የመጣው፤ ትልቅ ባጀት የሌለው፣ ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ውስጥ የተቀረጸ ፊልም። በ2016 ቶሮንቶ ፌስቲቫል ላይ ታየ፣ በ2017 የብሪታንያ ኢንዲፔንደንት ፊልም ሽልማትን በምርጥ ተዋናይት አሸነፈችበት። በ2018 ለባፍታ (ለታላቁ የብሪታንያ ፊልም ሽልማት) የአዲስ ኮከብ ዘርፍ ታጭታ ለዳንኤል ካሉያ ተሰጠ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በቢቢሲ ባለ ስድስት ክፍሉን «ዘ ሊትል ድራመር ገርል» መሪ ሆና ተጫወተች። እስቲ ቁጠሩ፤ ከመጀመሪያው ፊልም እስከ «ድንገት» ድረስ አምስት ዓመት!

«ዕድል ነው» የሚለው ደግሞ ከሁሉ በላይ አንጀቴን ያሳርረዋል፤ የሚለው ሰው ይህ ሥራ እንዴት እንደሚገኝ አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅምና። አንዲት ወጣት እንግሊዛዊት ተዋናይት ዛሬ ሥራ የምታገኘው በአብዛኛው በ«ሴልፍ ቴፕ» ነው፤ ራሷን ቀርጻ ትልካለች። ኤጀንቷ፣ ማለትም ሥራ የሚያፈላልግላት ወኪል፣ ከስክሪፕቱ የተቆረጡ ጥቂት ገጾች ይልክላታል። ሙሉውን ስክሪፕት አታይም፤ ትልቅ ስቱዲዮ ከሆነ የገፀ ባሕርይዋ ስም ራሱ የውሸት ሊሆን ይችላል። ታሪኩ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ሳታውቅ ማልቀስ አለባት። የምታደርስበት ጊዜ ቀናት ቢሆን ነው፣ አንዳንዴ በማግሥቱ።

ቀረጻው ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ስልኩ አግድም ይቆማል፣ ሌንሱ በዓይኗ ቁመት ልክ። ዝቅ ካለ አገጭና አፍንጫ ብቻ ይታያል፣ ከፍ ካለ ደግሞ ሕፃን ታስመስላለች። ፍሬሙ ከደረት በላይ ነው። ከጀርባዋ ግራጫ ወይም ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ግድግዳ፣ ሥዕል የሌለው፣ መደርደሪያ የሌለው። ሁለት መብራት ከፊቷ ግራና ቀኝ በ45 ዲግሪ ይቀመጣል፤ መብራት ከሌላት መስኮቱን ፊት ለፊት ታደርገዋለች። መስኮቱ ከጀርባዋ ከሆነ ፊቷ ጠቁሮ ይቀራል፣ ያ ቴፕ አለቀለት። ሌላውን ገፀ ባሕርይ የሚያነብላት ሰው ከሌንሱ ጎን፣ ጭንቅላቱ ሌንሱን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ይቁም። ራቅ ብሎ ከቆመ ዓይኗ ወደ ዳር ይሄድና የሚታየው ግማሽ ፊቷ ብቻ ይሆናል። ብዙ ቴፕ የሚበላሸው ግን እዚሁ ሰውዬ ላይ ነው፦ ለስልኩ ቅርብ ስለሆነ ድምፁ ያስተጋባል፣ የእሷ ደግሞ ከሩቅ ይሰማል። ተዋናይ የምትመርጠው ካስቲንግ ዳይሬክተር የምትሰማው የእናትን ወይም የጓደኛን ድምፅ ነው! መፍትሔው አንባቢው በለሆሳስ እንዲያነብ፣ እሷም ልብሷ ላይ የምትሰካው ትንሽ ማይክ እንዲኖራት ነው። ከዚያ ስሟን፣ ቁመቷን፣ ኤጀንቷን ተናግራ ሙሉ ቁመናዋንና ሁለቱንም ጎኗን ታሳያለች። ሃያ ጊዜ ደግማ ከሁለት የማይበልጥ ትመርጣለች። ፋይሉ ከብዶ አልጫን ይላል፣ ወይም የሊንኩ የይለፍ ቃል ጊዜው ያልፋል፣ ማንም ሳይከፍተው ይቀራል።

መልሱስ? ብዙ ጊዜ ዝምታ ነው። «አልተመረጥሽም» እንኳ አይባልም። ከተሳካ በአካል ትጠራለች፣ ከዚያ አብሯት ከሚጫወተው ሰው ጋር ተጣምራ ትፈተናለች፣ ከዚያ በእንግሊዝ ሙያተኞች ዘንድ «ፔንሲል» የሚሉት ነገር ይመጣል። ፔንሲል ማለት ቀኑ በእርሳስ ተይዞልሻል ማለት ነው፤ ሌላ ሥራ ልትቀበል ስትል ቅድሚያ ለእነሱ ማሳወቅ አለባት። ውል ግን የለም፣ ክፍያ የለም። ሳምንታት ትጠብቅና ባልተጠበቀ ቀን ሁለት ቃል ያለው ኢሜይል ይደርሳታል፤ ቀኑ ተለቋል። በእርሳስ የተጻፈ በላጲስ ጠፋ። እና ይሄን ሁሉ አልፋ ሥራ ያገኘችውን ልጅ «ዕድለኛ» ትሏታላችሁ? ከምታገኘውም ላይ የኤጀንት ድርሻ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይነሳል፣ በድርሻው ላይ 20 በመቶ ቫት ይጨመራል፣ ግብሩ አለ፤ ከዚያ እስከሚቀጥለው ሥራ ድረስ ስንት ወር እንደሆነ አይታወቅም።

ዕድል ጭራሽ የለበትም እያልኩ አይደለም። ልታወሩበት ከፈለጋችሁ እውነተኛው ዕድል እዚህ ጋ ነው፦ የተማረችው ኦክስፎርድ የሚገኝ፣ በክፍያ የሚማሩበትና የራሱ የቴአትር አዳራሽ ያለው ቅዱስ ኤድዋርድ ትምህርት ቤት ነው። ወንድሟ ቶቢ ሰባስቲያንም ተዋናይ ነው፤ ቤቱ ሙያውን ያውቀዋል። በመንግሥት ትምህርት ቤት የምትማር፣ የድራማ ክፍለ ጊዜዋ የተሰረዘባት እንግሊዛዊት ልጅ ይህ የላትም። ስለዚህ ጻፉ፣ አነባለሁ። «ዕድለኛ ናት» ብሎ ፎቶ ለጥፎ መሄድ ግን ስለዚያችም ልጅ ስለዚህችም ምንም አይነግረንም።

ስለ ትወናዋ የሚጻፈውም እንዲሁ ነው፤ «ድንቅ ብቃት» ይባልና ይታለፋል። ምኑ ነው ድንቁ? «ሊትል ዊመን» ውስጥ ኤሚ የተባለችውን ገፀ ባሕርይ ከትንሽ ልጅነቷ እስከ ትልቅ ሴትነቷ ድረስ የምትጫወተው አንድ ሰው ናት፤ ፒዩ ያኔ 22 ዓመቷ ነበር። ፊልም ደግሞ በታሪኩ ቅደም ተከተል አይቀረጽም። ቤቱ በተገኘበት ቀን የቤቱ ሲን (ትዕይንት) ሁሉ ይቀረጻል፤ ጠዋት ልጅ፣ ከሰዓት ትልቅ ሰው መሆን ሊመጣ ይችላል። ተዋናይት በየሲኑ አናት ላይ በእጇ ትጽፋለች፦ ዕድሜዋ ስንት ነው፣ ከደቂቃ በፊት ምን ሆነች፣ እስካሁን ምን አታውቅም፣ ሮጣ ነው የገባችው ወይስ ተቀምጣ ነበር። ብርጭቆውን በየትኛው እጇ፣ የቱ ቃል ላይ እንዳነሳች ማስታወስ አለባት፤ ካሜራው ቦታ ቀይሮ ያንኑ ሲን ሲደግም እጇ ከተቀየረ ሁለቱ ቀረጻ አይገጣጠምም፣ ያ የሚያስለቅሰው ትወና ተቆርጦ ይጣላል። አሁን ሲኑን መልሳችሁ እዩ፤ ልጅ ስትሆን ድምፅዋ ከፍ ይላል፣ ሰውነቷ አያርፍም፣ ፓሪስ ላይ ስትደርስ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሳ ነው የምትንቀሳቀሰው። ለዚህ ሥራ ነው በ24 ዓመቷ ለኦስካር በረዳት ተዋናይትነት የታጨችው። ሽልማቱን ላውራ ደርን ወሰደች።

የሬስሊንጉን ፊልም የሎስ አንጀለስ ትዕይንትም እዩት። ስቴፕልስ ሴንተር አዳራሽ ውስጥ እውነተኛው ዝግጅት ካለቀ በኋላ፣ ሕዝቡ ከመቀመጫው ሳይነሳ ነው የተቀረጸው። እዚያ ቀን ተሳሳትኩ፣ ነገ እንድገመው ማለት የለም። «ዊ ሊቭ ኢን ታይም» ላይ ደግሞ ፀጉሯን ካሜራ ፊት ተላጭታለች፤ አንዴ ከተላጨ ሁለተኛ ቀረጻ የለውም።

እና ስለዚህች ሰው በእኛ ገጾች ከሁሉ በላይ አስተያየት ያገኘው ምን መሰላችሁ? ሐምሌ 2022 ሮም ላይ ለፋሽን ቤቱ ቫለንቲኖ ትርኢት የለበሰችው ሮዝ ቀሚስ! ስስ ነው፣ ጡቷ ይታያል፣ ትንሽ ነው፣ ምናምን። በዓለም ዙሪያ ተሰድባለች፣ እሷም ለምን የሴት አካል እንዲህ እንደሚያስቆጣቸው በግልጽ መልሳላቸዋለች። በ19 ዓመቷ የፓይለቱ ሰዎች የነገሯትን በ26 ዓመቷ ስልክ የያዘ ሁሉ ደገመላት። ያኔ በ19 ዓመቷ ልጅቷ ሙያውን ልትተወው ትንሽ ነበር የቀራት። ይሄን የምታውቁ የገጽ ባለቤቶች ቢያንስ አስተያየቱን አጥፉት፤ ሥራችሁ ነው።

ስትለጥፉ ደግሞ ከመውጫው ዓመት ጎን የቀረጻውን ዓመት ጻፉልን። አንድ መስመር ነው። ምክንያቱም አሁን በተያዘው ዕቅድ መሠረት የሚቀጥለው «ዱን» እና አዲሱ «አቬንጀርስ» ሁለቱም ታኅሣሥ 18 ቀን 2026 ይወጣሉ፤ እሷ በሁለቱም አለች፣ ሁለቱም የተቀረጹት በ2025 ነው። በዚያ ሳምንት «ድንገት በየቦታው ታየች» የሚል ጽሑፍ ይዛችሁ እንዳትመጡብኝ፣ በፈጠራችሁ!